የማጀቴው ሲዲ

«እግሩ የተሰበረን ሰው ውረድና ተራመድ አሉት» አለች ሴትየዋ፣ ቲማቲሙን እያገላበጠች። ሐይማኖት ከጎኗ ጎንበስ ብላ ቃሪያ ትለቅም ነበር፤ ሳታስበው ጆሮዋን ጣል አደረገች። ሴትየዋ የማጀቴ ሰው ናት። ባሏ ከማሽላ ጎተራ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ እዚያው ማጀቴ ያለው ክሊኒክ የራጅ ማሽኑ ኮምፒውተር እንደሞተበት ሲነግራቸው የኋላ ወንበር ላይ አጋድማ እስከ ሸዋ ሮቢት አመጣችው። ራጅ ተነሥቶ፣ በጀሶ ተጠቅልሎ ሲመለሱ ነው መሣሪያ የያዙ ሰዎች መኪናቸውን ያስቆሙባቸው። ከአጣዬ ወዲያ ነው፤ የቦታውን ስም አልጠራችውም፣ ሻጯም አልጠየቀቻትም። ሁሉም ውረዱ ተባሉ። እግሬ ነው ቢላቸው ሳቁበት። በጀሶው ተራመደ። ኋላ ሴቶቹንና እሱን ሂዱ አሏቸው፤ የመኪናውን ረዳትና አንድ ቦርሳ ያነገተ ልጅ ግን አስቀሩ። ጀሶው ያን ጊዜ ስለተሰነጠቀ ይኸው ባሏን እንደገና ይዛው መጥታለች።

«ልጁ ምን አደረጋቸው?» አለች ሻጯ።

«ቦርሳ ይዟላ። ቦርሳ የያዘ ሰው የሚከፍልለት ዘመድ አለው ብለው ነው።»

ከዚያ ወደ ቲማቲሙ ዋጋ ተመለሱ። ትናንት በዚህ አልነበረም አለች ሴትየዋ፤ ሻጯም ትናንት እኮ መኪና ገብቶ ነው አለች፤ ትንሽ ተጨቃጨቁና ተስማሙ። ሐይማኖት የለቀመችውን ቃሪያ እዚያው ትታው ወደ ቤቷ ሄደች። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ አናት ትበሳለች፤ ባጃጆቹ ጥላ ጥላውን ይዘው ቆመዋል። እሷ ግን ብርድ ብርድ አላት።

ባሏ ሮቤል ቦርሳ የሚያነግት ሰው ነው። መፍቻው፣ ገመዱ፣ ካሜራው፣ ባትሪው፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉም አንድ ጥቁር ቦርሳ ውስጥ ነው የሚገቡት፤ ሙሽራ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንኳ ከትከሻው ያወረዱለት ሚዜዎቹ ናቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይቀለድበታል። ሥራው ከቤታቸው ጋር የተያያዘ ፎቶ ቤት ነው። ሠርግ ይቀርጻል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሣል፣ ቀሪውን ጊዜ የሰው ኮምፒውተር ይጠግናል። ዛሬ ደግሞ ማጀቴ ሊሄድ ነው፤ ያንኑ የራጅ ኮምፒውተር ፎርማት ሊያደርግ።

ክሊኒኩ የሙዐዊያ ነው። ሙዐዊያና ሮቤል ደብረ ብርሃን ሲማሩ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው የኖሩ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ይደውላል። ና ብሎ አይለምንም፤ እንዲያውም አትምጣ ብልህ ደስ ይለኛል ወላሂ ይላል፤ ግን የተሰበረውን ሰው ሁሉ ወደዚያ መንገድ የምልከው እኔ ነኝ ይላል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ሮቤልም ዝም ይላል። ሐይማኖት ያንን ዝምታ ከጓዳ ሆና ትሰማዋለች። ኮምፒውተሩን ነቅሎ መላክ አይቻልም፣ ከማሽኑ ጋር የተገጠመ ነው። አሮጌ ስለሆነ ፍላሽ አይቀበልም። እዚያ ኢንተርኔት የለም። የሚገባው ሲስተም ደግሞ የተለመደው አይደለም፤ ራጁን የሚያነበው ፕሮግራም የሚሠራው በዚያ ብቻ ነው፤ ያንን ሮቤል ደግ ቀን አውርዶ አስቀምጦታል። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ሲስተሙን ሲዲ ላይ መጻፍና ሲዲውን ይዞ መሄድ።

ሐይማኖት አትሂድ አላለችውም። አትሂድ ማለት የማትችልበት ቤት ነው የምትኖረው፤ አማቷ እትዬ ደብሪቱ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ሙዐዊያም ሠርጋቸው ላይ ሙክት ነድቶ የመጣ ሰው ነው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲዲውን እኔ ሳላየው አይሄድም። ምክንያቷንም ተናግራለች። ፎርማት ማለት አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መጻፍ ነው። ሲዲው መሀል ላይ አንዲት የማትነበብ ቦታ ካለችው አሮጌው ጠፍቶ፣ አዲሱ ሳይገባ ይቆማል። ያኔ ሮቤል ሌላ ሲዲ ሊያመጣ ሸዋ ሮቢት ተመልሶ፣ እንደገና ማጀቴ ሊሄድ ነው። እሷ ያንን መንገድ በሐሳቧ አንዴ ልካው መመለስ አቅቷታል፤ ሁለቴ አልችልም አለችው። ይቆጣል ብላ ነበር፤ በሥራው የሚገባበትን ሰው አይወድማ። እሱ ግን ቶሎ ብሎ እሺ፣ አንቺ እይው፣ ያልሽው ይሆናል አለ። ገረማት።

ሲዲ ማየት ለነገሩ የሷ ሥራ ነው። የዚህ ከተማ ፎቶ ቤቶች ሲዲ የሚጽፉት ኮምፒውተሩ በቻለው ፍጥነት ሁሉ ነው፤ መብራት ሳይሄድ ለመጨረስ ይሽቀዳደማሉ። ጽፎ ሲጨርስ መልሶ ይፈትሽ የሚለውንም ያጠፉታል፣ እሱም ጊዜ ይበላልና። የሠርግ ሲዲ በዚህ ዓይነት ተጽፎ አንዳንዱ መሀል ላይ ይንተፋተፋል። ሙሽሪት ኬኩን እንደጎረሰች ደርቃ ትቀራለች፤ አማቾቹም ስቀው ወደፊት ያሳልፉታል። ሐይማኖት ከመሸጡ በፊት እያንዳንዱን ታያለች፤ የከፋውን መልሳ ታስጽፋለች፣ ያልከፋውን ታልፋለች። የሲስተም ሲዲ ግን የሚታለፍ ነገር የለውም። ቀስ ብሎ መጻፍ አለበት፣ ሙሉ በሙሉ መነበብ አለበት። ይህንን ያስተማራት ራሱ ሮቤል ነው።

እቤት ስትደርስ ሮቤል ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሷል፤ ሲዲው እየተጻፈ ነው። በትከሻው ላይ አየች። ፍጥነቱን መጨረሻ ላይ አድርጎታል፣ ለሠርግ እንደሚያደርገው። ቀስ አታደርገውም እንዴ አለችው። መብራት ይሄዳል አለ፣ ዞር ሳይል። ደሟ ፈላ። ለሙሽራ ኬክ ያልተጨነቀ ሰው ለነፍሱም አይጨነቅ አለች በሆዷ። ወደ አፏ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገበያ የሰማችውን ልትነግረው ፈለገች፣ ግን ተወችው። ከግድግዳው ላይ ጥቁር ቦርሳውን አወረደችና ያለውን እቃ ሁሉ ወደ ዘንቢል ገለበጠችው፤ መፍቻውን ከታች፣ ገመዱን ከላይ፣ በላዩ ላይ ሽንኩርት አለበሰችበት። ሮቤል ሲዲው እስኪያልቅ ሲጠብቅ ዘንቢሉን አየው፣ እሷን አያት። 

እትዬ ደብሪቱ ቁርስ አቅርበው አንድ ላይ ተቀመጡ። ፍርፍሩ ከመሶቡ ሳይነካ ቀረ ማለት ይቻላል። አሮጊቷ ስለ ውኃው ተራ አወሩ፤ የዘንድሮ ሽንኩርት ዋጋ እንደማያወጣ አወሩ፤ ጎረቤታቸው ቤቱን ለማን እንዳከራየው አወሩ። ስለ መንገዱ ማንም አላነሣም። ሮቤል እጁን ሊታጠብ ሲነሣ ሲዲውን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ሐይማኖት ፊት አስቀመጠውና ወደ ፎቶ ቤቱ ወጣ፤ ጉርድ ፎቶ የሚነሡ ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። እሱ በወጣበት በኩል የቃሲም መኪና ሲቆም ተሰማ።

ቃሲም የጀውሃ ልጅ ነው፤ ያንን መንገድ በየሁለት ቀኑ የሚመላለስ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ሾፌር። መኪኖቹ ጀውሃ ላይ ተጠባብቀው በአንድ ላይ ይነሣሉ፤ ተያይዞ መሄድ ይሻላል ይባላል፣ መሻሉን ግን ማንም አላረጋገጠም። ቃሲም አሁን እንነሣ ብሎ ሮቤል ጥቂት ጠብቀኝ ሲለው ሐይማኖት ሰማች። ምን ልትጠብቅ ነው አለው። ሲዲ እየታየ ነው ሲለው ቃሲም ሳቀ፤ ሲዲ ለማየት ሰው መኪና ያቆማል እንዴ፣ ፊልም ነው እንዴ አለ።

ጓዳ ያለው ኮምፒውተር ሙቀቱን የማይችል አሮጌ ነው፤ ቬንትሌተር አዙራበት ሲዲውን ከተተችና አስነሣችው። ጥቁር ስክሪን መጣ፣ ከዚያ ምርጫዎቹ። ዲስኩን ፈትሽ የሚለውን መርጣ ተጫነች። ከዚህ በኋላ የሷ ድርሻ መቀመጥ ነው። ሲዲው ራሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነባል፤ የተነበበው በመቶኛ እየቆጠረ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ ወይ ስህተት አልተገኘም ይላል፣ ወይ ደግሞ የተበላሸውን ያህል ይናገራል። አንድ አለ። ሁለት አለ። ሲዲውን የሚያዞረው ሞተር ሲሽከረከር ከወንበሩ በታች ይሰማታል።

መጀመሪያ የጸለየችው ደህና እንዲሆን ነው። ኪዳነ ምሕረት፣ አንድ ጊዜ ሄዶ ይመለስ፣ ሁለተኛ አይሂድ አለች። ቁጥሩ ከፍ ሲል ግን ጸሎቷ መልኩን ለወጠባት፤ በየት በኩል እንደዞረ አላወቀችም። ደህና ከሆነ ሮቤል ይሄዳል። አሁን፣ ዛሬ፣ በዚህች ሰዓት ይሄዳል። ቢበላሽ ግን ሌላ እስኪጻፍ፣ ሌላውም እስኪታይ የጀውሃ መኪኖች ይነሣሉ። ነገ ደግሞ ነገ ነው፤ መንገዱ ሊዘጋ ይችላል፣ ሙዐዊያ ሌላ ሰው ሊያገኝ ይችላል። እንግዲህ ተበላሽ አለችው ሲዲውን። ጮክ ብላ ልትናገረው ምንም አልቀራት።

ሩቡን እንዳለፈ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ጥቂት አቃሰተ፣ ኮምፒውተሩ ጨለመ። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ ቆመ። ሐይማኖት ከማፈሯ በፊት ደስ አላት። ይኸው ተፈረደ፣ ከላይ ነው የተፈረደው፣ እኔ የለሁበትም አለች በሆዷ፣ በነጠላዋ ጫፍ ላቧን እየጠረገች። ፎቶ ቤት ያለው ሮቤል ድምፁ አልተሰማም። የተሰማው የቃሲም ነው። ችግር የለም፣ ጎረቤት ሆቴሉ ጄኔሬተር አለው፣ ባለቤቱ ጓደኛዬ ነው ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ረዥም ገመድ በአጥሩ ላይ ወርውሮ፣ በመስኮቱ አስገብቶ፣ ራሱ ሰክቶላት፣ ይኸው እህቴ ብሎ እየሳቀ ተመለሰ። ሰው በደግነቱ እንዲህ የሚጠላበት ጊዜ እንዳለ አላወቀችም ነበር። ኮምፒውተሩን አስነሣች፤ ፍተሻው ከአንድ ጀመረ።

እትዬ ደብሪቱ ይህን ጊዜ ገቡ። ከኋላዋ ባለው ሳጥን ላይ ተቀመጡና ስክሪኑን አብረዋት ያዩ ጀመር። ፊደሉም ቁጥሩም የሚነበብላቸው አይደለም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ቢሆንም ያያሉ። ሐይማኖት ትንፋሻቸውን ትሰማለች። የቀራቸው ልጅ አንድ ነው፤ ታላቁን አጣዬ በተቃጠለችበት ሰሞን አጥተውታል፤ ስለሱ በዚህ ቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም፣ ፎቶው ብቻ ከእሑድ እሑድ አቧራው ይጠረጋል።

«ይሄ ነገር ይበላሻል እንዴ?» አሉ ብዙ ቆይተው።

«አንዳንዴ ይበላሻል፣ እማዬ።»

«መበላሸቱን የሚያውቀው ማነው?»

«ያየው ሰው ነው።»

እትዬ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያ አንቺ ነሻ» አሉ። «ቢበላሽም ማንም አይቆጣሽ ልጄ።» ከዚያ ተነሥተው ወጡ። ሐይማኖት ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ፊታቸውን ብታይ ልቅሶዋ እንደሚመጣ ታውቀዋለች። የተባለችው ገብቷታል። አሮጊቷ በሰባ ዓመታቸው ዋሺ ብለው የለመኑት ሰው እሷ ብቻ መሆን አለባት።

ግማሹን እንዳለፈ ሲዲው ተንተፋተፈ። ሞተሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ቀጭን ድምፅ አወጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ተነሣ። ቁጥሩ አልተንቀሳቀሰም። ሐይማኖት ወደ ስክሪኑ ቀረበች። ይህን ድምፅ ከሠርግ ሲዲዎች ታውቀዋለች፤ እንዲህ ካለ በኋላ ሁልጊዜ ይደርቃል። በልቧ እልል አለች። ይኸው፣ መዋሸት እንኳ አላስፈለገኝም። ሮቤልን ልትጠራ ከወንበሩ ብድግ ስትል ቁጥሩ አንድ ጨመረ። ከዚያ አንድ። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሰው መንገዱን ቀጠለ። እንደቆመች ቀረች። ሩብ ብቻ ቀረው። ከዚያም ጥቂት። ያ እንደ ነገሩ የተጣደፈ፣ ሳይፈተሽ የወጣ ሲዲ፣ ከጻፏቸው ሁሉ አንደኛ ሆኖ አረፈው፤ ስህተት አልተገኘም አለ። ጽሑፉ መሀል ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ።

ሲዲውን አወጣችው፤ ትኩስ ነበር። በወረቀቱ ጠቀለለችው። የምትናገረውን በአፏ ይዛ ነው ከጓዳ የወጣችው፤ ግማሹ ላይ ቆመ፣ አይነበብም፣ ሌላ ጻፍ። አጭር ነው፣ አያስቸግርም። አንዲት ጭረትም በጥፍሯ ልታደርግበት አስባ ነበር፣ ማንም ስለማያየው ተወችው። ኮምፒውተሩን ደግሞ አጥፍታዋለች። ሥራዋን ያውቃሉ፤ ተበላሽቷል ካለች ተበላሽቷል ነው።

ፎቶ ቤት ውስጥ እትዬ ደብሪቱ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ፣ ከጀርባቸው ሰማያዊው መጋረጃ፣ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ቃሲም በር ላይ ቁልፉን ያሽከረክራል። ሮቤል ስልክ ይዟል። ቆይ ሙዐዊያ፣ መጣች አለና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ በመዳፉ ላይ አስተኛው። የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነው።

«እንዴት ነው?» አለ ሮቤል።

ውሸቱ ምላሷ ላይ ነበር። ያቃታት እንዳይያዝባት ፈርታ አይደለም፤ ቢጠራጠራትማ ትዋሽ ነበር። ያቃታት ሮቤል ሊያምናት እንደሆነ ፊቱ ላይ ስላየች ነው። ለምን ብሎ አይጠይቃትም፣ ልየው አይላትም፣ ያለችውን ተቀብሎ ለሙዐዊያ ይነግረዋል፤ ሙዐዊያም እሺ ብሎ በጀሶም ያለ ጀሶም ሰው ሲልክ ይከርማል። ይሄ ሁሉ በሷ አንዲት ቃል ላይ ሊቆም ነው። ቃሏ ሲወጣ እሷም ሰማችው።

«ደህና ነው» አለች። «ምንም ስህተት የለበትም።»

አልሐምዱሊላህ አለ ስልኩ። ቃሲም ቁልፉን በእጁ ያዘው። እትዬ ደብሪቱ አልተንቀሳቀሱም፤ ዓይናቸውን ብቻ ከሐይማኖት ላይ አነሡ። ሮቤል ቀና ብሎ አያት። ሐይማኖት አብራው ስትኖር ሲናደድ አይታዋለች፣ ሲያዝን አይታዋለች፣ ታላቅ ወንድሙ ሲቀበር አይታዋለች፤ ይህንን ፊቱን ግን አይታው አታውቅም። ከንፈሩ ነጣ። ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። ፈርቷል። ሳምንቱን ሙሉ እሷ በጓዳ ስትፈራ እሱ በፎቶ ቤት ሲፈራ ነበር። ሲዲውን እንዲያ ያጣደፈው ለመብራቱ ብሎ እንዳልሆነ፣ እሺ እይው ያለውም ለምን እንደነበረ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባት፤ የፎቶ ቤቱን ጠረጴዛ ያዘች።

«ጥሩ» አለ ሮቤል ለስልኩ። «መጣሁ በቃ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈጠነ። ቃሲም ዘንቢሉን አንሥቶ መኪናው ውስጥ ከወንበሩ ሥር ከተተው፣ ሽንኩርት ልትነግድ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። እትዬ ደብሪቱ የልጃቸውን ግንባር ስመው ወደ ጓዳ ገቡ፤ በሩን ዘጉት። ሐይማኖት ባሏን ተከትላ እስከ መኪናው ወጣች። አስፋልቱ ግሏል፤ ከመናኸሪያው በኩል ረዳቶች ይጣራሉ። ሲዲውን ሰጠችው፤ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ከውስጥ፣ ከቆዳው ጋር አስገባው። ገባና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ቃሲም ጎማ ሊያይ በመኪናው ዙሪያ ሲዞር ሁለቱ ብቻቸውን ሆኑ።

«ደግሜ ልየው?» አለችው። «ቸኩዬ ይሆናል። ስጠኝ፣ ደግሜ ልየው።»

ሮቤል ወደ ፊት፣ ወደ ጀውሃ መንገድ እያየ ነበር። «ሙዐዊያ ሰምቷል» አለ። «እናቴም ሰምታለች።» ከዚያ ቃሲም እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምነው ሐይምዬ፣ አንድ ስህተት እንኳ ባገኘሽበት።»

ቃሲም ገብቶ ሞተሩን አስነሣ። ሐይማኖት የመስኮቱን መስታወት ጫፍ በሁለት እጇ ይዛለች፤ ውረድ ልትለው አፏን ከፈተች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጥቂት አብራው ሄደች። ሮቤል ወደ እሷ ሳይዞር ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመስታወቱ ላይ አላቀቃቸው።